ደመወዝተኛ መቼ ይጽፋል?

«መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ጊዜ የለኝም።» ይህን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም ይላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ልከኛ ነው። የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ፣ የማታውን የመንገድ መጨናነቅ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣቱን፣ እራት መሥራቱን ስትደምሩበት ግን ቀኑ ያልቃል። የምትተርፈው አንድ ሰዓትም የደከመች ሰዓት ናት።

ቢሆንም ያቺ ሰዓት አለች። ብዙዎቻችን ስልክ እየነካካን እንጨርሳታለን። ስንፍና ነው ብሎ ራስን መውቀስ እዚህ ላይ አይረዳም። ስልኩን የምንመርጠው ለመጀመር ምንም ስለማይጠይቀን ነው። መጻፍ ግን ገና ሳይጀመር ጥያቄው ብዙ ነው። የቱን ልጻፍ? የት ላይ ነበር ያቆምኩት? ደብተሩ የት ገባ? የዚያችን ሴትዮ ስም ቀይሬው ነበር እንዴ? አሁን ልቀመጥ ወይስ መጀመሪያ ልታጠብ? ይህን ሁሉ መልሶ ወረቀቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ሰዓቷ አልቃለች። ነገ ደግሞ ከአንድ እንደገና።

እንግዲህ ሥራ ያለው ሰው ላይ ውድ የሚሆነው መጀመሩ ነው። ከተጀመረ በኋላማ ሃያ ደቂቃም ብዙ ነው። እዚህ የማነሳው ነገር በሙሉ የመጀመሩን ዋጋ ስለማርከስ ነው።

አንደኛው ወጪ ከቢሮ ይዘነው የምንወጣው ነው። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ላይ እንዳሳየችው፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር ከሐሳቡ ከፊሉ የቀደመው ሥራ ላይ ይቀራል። የቀደመው ሥራ ሳይቋጭ ከተተወ ደግሞ ይብሳል። የቢሮ ሥራ መቼ ተቋጭቶ ያውቃል? ስለዚህ ከወንበራችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ለነገ ያደረውን ሥራ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉት። «የጨረታው ደብዳቤ፣ ጠዋት መጀመሪያ» ይበቃል። ሥራው አላለቀም፤ ነገር ግን ቦታና ሰዓት ስለተሰጠው ማታ እየመጣ አይነዘንዛችሁም። የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕም ድምፁን አጥፉት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ፋይል የሚልክ አለቃ ያለበት ግሩፕ ክፍት እያለ አንድ አንቀጽ እጨርሳለሁ ማለት ዘበት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ስለ ጸሐፊዎች የሥራ ልማድ ሲነሳ የእንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ስም አይቀርም። ከ1834 እስከ 1867 እ.ኤ.አ. የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ልብ ወለዶቹን የጻፈው ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠብቅ ነበር። ወሬውን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ሰውየው እየቀሰቀሰ ቡና የሚያመጣለት ሠራተኛ ነበረው። ለዚሁ አገልግሎት ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። እንዲህማ ከሆነ እኛም እንነሳለን!

ፍራንዝ ካፍካም እንዲሁ ይጠቀሳል። ፕራግ ውስጥ በሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም እየሠራ ሌሊት ሌሊት ይጽፍ ነበር። እውነት ነው። ሥራው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያልቅና ከሰዓት በኋላ ይተኛ ነበር። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው የእሱን ፕሮግራም መገልበጥ ራስን መቅጣት ነው።

ለእኛ ኑሮ የምትቀርበው ቶኒ ሞሪሰን ናት። ኒውዮርክ ውስጥ በራንደም ሃውስ አሳታሚ ድርጅት አርታዒ ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን የምታሳድገው ለብቻዋ ነው። የምትጽፈው ጎህ ሳይቀድ፣ ልጆቹ «እማዬ» ከማለታቸው በፊት እንደነበር ተናግራለች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኖቤል የተሸለመችው በ1993 ነው። ግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

በእኛም አገር ቢሆን የሥነ ጽሑፉ ትልቅ ክፍል የደመወዝተኛ እጅ ሥራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ሆኖ የጀመረ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። «ሥራዬን ስለቅ እጽፋለሁ» የሚለው ሐሳብ እነዚህን ሰዎች ባየ ጊዜ ትንሽ ሊያፍር ይገባል።

ታዲያ ጠዋት ወይስ ማታ? የእኔ አድልዎ ለጠዋት ነው። ጠዋት ማንም አይደውልም፤ ቀኑም ገና አላበላሸንም። ይሁን እንጂ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት ማለት ማታ 4 ሰዓት መተኛት ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ እየቆረጡ መጻፍ ለሳምንት ያስኬድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውም ጽሑፉም ይበላሻል። ማታ ቶሎ መተኛት በማይቻልበት ቤት ውስጥ የጠዋቱን ነገር ባትሞክሩት ይሻላል።

ቀድሞውንም በጠዋት የሚያስነሳችሁ ነገር ካለ ግን ሌላ ነው። ለሱብሂ ሶላት የሚነሳ ሰው ከሶላቱ በኋላ ያለችው ጊዜ ሌሎች በማንቂያ ደወል የሚፈልጓት ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካን ለመሙላት የሚነሳ አለ። ጀሪካኑ እስኪሞላ ቆሞ ማየት ግዴታ አይደለም።

ምሳ ሰዓትን ሰው ይንቀዋል። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ቢሮው ባዶ ይሆናል። ምሳ በሃያ አምስት ደቂቃ ይበላል። ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማታ እንደሚሆነው ቤተሰብ አይሻማበትም። ችግሩ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። «ዛሬስ አትመጣም?» ሲባል መልስ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብታደርጉት ማንም አይቀየምም። ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ግን ለመጻፍ አትታገሉ። እዚያ የሚሆነው የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር መምረጥ ነው። ደርሳችሁ ስትቀመጡ ዓረፍተ ነገሩ ዝግጁ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሰዓቱን ከመረጡ በኋላ የሚመጣው ስህተት መጻፉን ከቁርጥ ሰዓት ጋር ማሰር ነው። «ማታ 2 ሰዓት ላይ እጽፋለሁ» ያለ ሰው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ገና መንገድ ላይ ነው። ቀኑ ተሰረዘ ማለት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰዎች «ይህን አደርጋለሁ» ብለው ከሚያቅዱ ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብለው ሲያቅዱ የመፈጸም ዕድላቸው ይጨምራል። «እራት ተበልቶ ሳህኑ እንደተነሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን እከፍታለሁ።» ሳህኑ 2 ሰዓትም ይነሳ 3 ሰዓት ለውጥ የለውም። ምልክቱ ሲመጣ ማሰብ አያስፈልግም፤ እጅ ወደ ደብተሩ ይሄዳል።

ይህ ዘዴ በፈረቃ ለሚሠሩ ሰዎች የበለጠ ይሠራል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወይም የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ በየሳምንቱ ሊቀያየር ይችላል። ነርሶችና የጥበቃ ሠራተኞችም እንዲሁ። ለእነሱ «ከፈረቃ ወጥቼ፣ መኪናውን ከማስነሳቴ በፊት» የሚለው ማሰሪያ ከየትኛውም የሰዓት ሰንጠረዥ ይሻላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ደግሞ ሰዓቱም ክፍሉም የራሳቸው ላይሆን ይችላል። እዚያ «በቀን አንድ ሰዓት» የሚል ምክር ፌዝ ነው። አምስት ደቂቃ ስልክ ላይ በድምፅ መቅዳት ግን ይቻል ይሆናል። እሱም መጻፍ ነው።

«ልማድ በ21 ቀን ይሠራል» የሚባለውን እርሱት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አንድ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ ለመሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ተለያይቷል። ያውም ሰዎቹ የመረጡት ቀላል ነገር ነው፤ ምሳ ላይ ፍራፍሬ መብላት፣ ውሃ መጠጣት የመሰለ። መጻፍ ከዚህ ይከብዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ላይ አሁንም እየተገፋችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ምንም ችግር የለም፤ ጊዜው አልደረሰም። ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጎዳውም።

ስንት ልጻፍ የሚለው ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። የውጭ ምክሮች በቀን 500 ወይም 1000 ቃል ይላሉ። ያ ቁጥር በአማርኛ ሲሆን ይከብዳል። የአማርኛ ግሥ ማን እንዳደረገው፣ በማን ላይ እንዳደረገው፣ አንዳንዴም አለማድረጉን ጭምር በአንድ ቃል ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ 200 ቃል ብዙ ነገር ይናገራል። ቁጥሩን ቁጭ ብለን እንየው። በአንድ ጊዜ 150 ቃል፣ በሳምንት አራት ቀን ብትጽፉ 600 ይሆናል። ከዓመቱ ውስጥ አስር ሳምንት ለበሽታ፣ ለበዓልና ለሥራ ጫና ጣሉት። በቀሩት 42 ሳምንታት 25,200 ቃል ይወጣል። ይህ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ረቂቅ ነው። 150 ቃል ደግሞ የደብተር አንድ ገጽ ገደማ ብቻ ናት።

ልኩን ስትወስኑ ጥሩ ቀናችሁን አትመልከቱ። አለቃ ተቆጥቶ፣ ዝናብ መትቷችሁ፣ መብራት ጠፍቶ የገባችሁበትን ቀን አስቡ። በዚያ ቀን የሚጻፈውን ያህል ነው መወሰን። በጥሩው ቀን ከዚያ በላይ ብትጽፉ የሚከለክላችሁ የለም።

«ቅዳሜና እሑድ እክሰዋለሁ» የሚለው ዕቅድ እኛ ጋ ብዙም አይሠራም። የእኛ ቅዳሜና እሑድ የሰው ነው። ልቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ፣ «ጠፋህ እኮ» ብሎ የሚመጣ ዘመድ አለ። እነዚህን ሁሉ ጥሎ ክፍል ዘግቶ የሚጽፍ ሰው ሊደነቅ ይችላል። እሱ የታመመ ቀን ግን ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ የሥራ ቀኖቹን ለጽሑፉ፣ ቅዳሜና እሑድን ለሰው መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። ካተረፋችሁ ምርቃት ነው።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለጸሐፊ የሚያደላበት ጊዜ አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ በጾሙ ሰርግ የለም፤ ግብዣውም የማታ ጭፈራውም ይቀንሳል። ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ እና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን የሰርግ ወራት ናቸው። ከባዱን ረቂቅ ለጾሙ፣ ቀላሉን እርማት ለሰርጉ ወራት ብትመድቡ ከኑሮው ጋር አትጋጩም። በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ የቀኑ አቅሙ የት ላይ እንደሚወድቅ ያውቀዋል። ከኢፍጣር በፊት ያለውን ሰዓት ለጽሑፍ መያዝ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የመጀመሩን ዋጋ የሚያረክሰው ነገር ግን የምታቆሙበት ቦታ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ጠራርጋ አትጨርስም፤ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ታስቀራለች። ጽሑፍም ላይ እንዲሁ ነው። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እየታያችሁ አቁሙ። ከታች አንድ መስመር ተዉ፤ «አሁን አባትየው ይገባል፣ ስለ ቤቱ ሽያጭ አያውቅም» ዓይነት። ነገ ስትቀመጡ መጠየቅ የለም፤ አባትየውን ማስገባት ነው። ትሮሎፕም ቢሆን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የትናንቱን በማንበብ ያሳልፍ ነበር። እኛ ግማሽ ሰዓት የለንም። ስለዚህ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብቡ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ማረም ትጀምራላችሁ፤ ማረም ደግሞ ሌላ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው።

ዕቃው ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ደብተር ወይም አንድ ፋይል ይኑር። ሦስት ቦታ የተበተነ ረቂቅ በየቀኑ ፍለጋ ነው። ስልክ ላይ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በአማርኛ መተየብ የሚያዘገያችሁ ከሆነ የጉግል ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። ስህተቱን በኋላ ማረም ይኖራል፤ ለመጀመሪያ ረቂቅ ግን ይበቃል። ብዙ ሰው የጻፈውን ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልካል። ጥሩ ልማድ ነው። ስልክ በሚሰረቅበት ከተማ አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ አይመከርም።

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጻፍን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎች አስበውት አያውቁም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሆኖም ሠራተኛ በቅጥር ሥራው ሂደት ያዘጋጀው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። በምሳ ሰዓት የጻፋችሁት ግጥም የቅጥር ሥራችሁ አይደለም። ነገር ግን ጋዜጠኛ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ወይም የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሆናችሁ መስመሩ ይቀጥናል። የሚጽፉት ለደመወዝም ለራስም ስለሆነ ነገሩ ሊያከራክር ይችላል። ውላችሁን አንብቡ። የራሳችሁን በራሳችሁ ስልክ ወይም ደብተር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ጻፉ። ያኔ ጭቅጭቁ ከሥሩ ይቀራል።

ቤተሰብን ደግሞ አትደብቁት። «ምን እየሠራህ ነው?» «እየጻፍኩ።» «ለመሥሪያ ቤት?» «አይ፣ ለራሴ።» ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለራስ የሚሠራ ነገር እቤታችን ውስጥ እንደ ትርፍ ጊዜ ስለሚታይ «እንግዲያው ዳቦ ገዝተህ ና» ይከተላል። ቀድሞ መናገሩ ይሻላል፦ ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ዳቦውም ይገዛል። ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ካለ በምላሹ ሌላ ጊዜ ያዙለት። ብዙ ሴት ጸሐፊዎች የሚያቆሙት ይህ ውል በቤታቸው ስላልተደረገ ይመስለኛል፤ ችሎታ ጎድሏቸው አይደለም።

በመጨረሻም ሰኔ ይመጣል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሒሳብ ክፍል፣ ግዥና ዕቅድ ክፍል የሚሠራ ሰው በሰኔ አይጽፍም። መምህር ፈተና ሲያርም አይጽፍም። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ አስቀድሞ ዕቅድ ውስጥ ይግባ። በእነዚህ ሳምንታት ልኩን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አውርዱት፤ እሱም ካልሆነ ተዉት፤ ግን የምትመለሱበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ። ሐምሌ 5 ይሁን። የዓመት ፈቃድ ካላችሁም ከዚያው ላይ አንድ ቀን አስቀሩ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል።

ሐምሌ 5 ስትቀመጡ በሰኔ ያልተጻፈውን ለማካካስ አትሞክሩ። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አትጻፉ። የቆየውን ረቂቅ ካለፈው ምዕራፍ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። የተዋችሁትን ማስታወሻ ስትደርሱበት ትርጉሙ ከጠፋችሁ አዲስ ጻፉለት። ከዚያ ደብተሩን ዝጉና ሳህን አጥቡ። መጻፉ ለነገ።